ቀለም ስለጠፋበት ሳህንና ጠፋ ስለተባለው ትኩሳት

ለተከበሩ የምርምር ማዕከላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ሰላምታዬ ምንጣፍ የለበሰውን ደረጃ ወጥቶ፣ ጸሐፊዎንም አልፎ እንዲደርስዎት እየተመኘሁ፣ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ ሐሳብዎም ከእኔው ይልቅ የረጋ ይሁንልዎ። እኔ የደም ምርመራ ክፍል ተመራማሪዋ፣ ሰሞኑን ነገሩ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። ቢሮዎ ደጅ ተመላልሼ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ፣ ይህን ደብዳቤ መግቢያው ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት! ከከብትና ካልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚጋባው ያ ክፉ ትኩሳት በእርስዎ አመራር ዘመን ድራሹ መጥፋቱን በትልቁ አዳራሽ ሲያበሥሩ፣ ከኋላ ወንበር ሆኜ አጨብጭቤያለሁ። ሐኪሞች ዕድሜ ልካቸውን የታገሉትን በሽታ እርስዎ በሁለት መመሪያ አጠፉት። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. ስለ መከላከያው ጠብታ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ምርመራችን እንዴት እንደሚሠራ ላስታውስዎ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ደሙ ውስጥ ሰውነቱ የሠራው፣ ጀርሙን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ አለ። በመመርመሪያ ሳህናችን ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ የጀርሙን ቅንጣት ስለምንለጥፍ አንቲቦዲው መጥቶ ይጣበቅበታል፤ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከፍየል ደም የተዘጋጀ፣ የሰውን አንቲቦዲ ፈልጎ የሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ እንጨምራለን። እሱም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ኤንዛይም አዝሎ ይመጣል፣ ኤንዛይሙም የምናፈስለትን ፈሳሽ ሰማያዊ ያደርገዋል። ሰማያዊ ካየን ሰውየው ተይዟል ማለት ነው። እርስዎ ግን ይህ ሁለተኛ አንቲቦዲ ያለበትን ጨምሮ የመጋዘናችን ጠርሙሶች ሁሉ ዕድሜያቸው እንዲረዝም አስበው፣ ያለ አንዳች አድልዎ በየጠርሙሱ የመበስበስ መከላከያ እንዲጨመር አዘዙ። ለእኩልነት ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ። መከላከያው ሻጋታውን ብቻ ሳይሆን ያንኑ ኤንዛይምም ከሥራ ውጭ እንደሚያደርገው ባመለክት፣ ለአንድ ጠርሙስ ተብሎ መመሪያ አይሻሻልም የሚል ምላሽ ደረሰኝ። ስለዚህ አሁን ሁለተኛው አንቲቦዲ የታመመውን እንደ ቀድሞው ፈልጎ ያገኘዋል፤ የሚናገርበት አፍ ግን የለውም።

፪. ስለ ብክነት ቅነሳው። ድሮ በእያንዳንዱ ሳህን ጥግ መታመሙ በእርግጥ የታወቀ ሰው ደም እንጨምር ነበር። እሱ ሰማያዊ ካልሆነ የተበላሸው ምርመራው ራሱ መሆኑን እናውቃለን። እርስዎ ግን በሽተኛ መሆኑ የታወቀን ሰው ደግሞ ደጋግሞ መመርመር ብክነት ነው ብለው አስቀሩት። የውሻውን አፍ አስሮ ሌባ አልመጣም ማለት ይሏል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳህኖቻችን እንደ ውኃ ጠሩ፣ የጠራው ሁሉም ጤነኛ ተባለ።

፫. ሦስተኛውን ልጽፍ ተቀምጬ ተነሣሁ፤ መስኮቱን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ታላቅ እህቴ የወተት ላሞች እርባታ ውስጥ አላቢ ናት። ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ፣ መገጣጠሚያዋን እየቆረጠማት ከርሟል። ስለዚሁ ትኩሳት ለምናካሂደው ጥናት ደሟን ሰጥታ ከእኔው ክፍል ነፃ ነሽ ስለተባለች፣ ጤና ጣቢያው የጀመረላትን መድኃኒት አስቆማት። ላያት ስሄድ ከበሩ እስከ አልጋዋ ግድግዳ ይዛ ነበር የተራመደችው። «ወረቀቱ ደኅና ነሽ ይላል፤ ምን ላድርግ እቴ፣ ጉልበቴ ማንበብ አልተማረ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ተናደድኩ፣ ፈራሁም። ከሌላ ቤተ ሙከራ መከላከያ ያልነካው ጠርሙስ ተውሼ፣ መመሪያዎንም ጥሼ፣ የእሷንና የዚያን የታወቀ ታማሚ ደም ጎን ለጎን መረመርኩ። በእኛ ጠርሙስ ሁለቱም ጥርት አሉ፤ በተዋስኩት ሁለቱም ሰማያዊ ሆኑ። እህቴ መድኃኒቷን እንደገና ጀምራለች። ነገር ግን እንደ እሷ ነፃ ናችሁ ተብለው የተሸኙ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ እህት የሌላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ለዚህም ነው እግሬ መሬት ያልረገጠው። በሽታው ጠፍቷል በሚል፣ ለጥናቱ የተቀመጡት የደም ናሙናዎች ሁሉ ሰኞ ጧት ተወግደው፣ ማቀዝቀዣው ለደስታው ግብዣ ለስላሳ መጠጦች እንዲለቀቅ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። እንግዶችዎ በምን ዓይነት ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ እንደሚጠጡ ባያውቁት ይሻላል። እኔ ግን የምለምንዎት ናሙናዎቹ ባሉበት እንዲቆዩ፣ በደኅናው ጠርሙስ እንደገና እንዲመረመሩ፣ ሰዎቹም ተጠርተው እውነቱ እንዲነገራቸው ነው። ደሙ ከተጣለ ማንን እንደምንጠራ አናውቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የሌላውን ሰው በሽታ የደበቀ ምን እንደሚሆን ግን አበው ሳይነግሩን አልፈዋል።

የሰኞውን ትእዛዝዎን ከመፈጸም በቀር በማናቸውም ነገር ልታገለግልዎት የተዘጋጀች፣ ለአርቆ አስተዋይነትዎ ቃል ያጠራት፣

ትሑት ተመራማሪዎ
ከደም ምርመራ ክፍል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ከሚጣሉት ናሙናዎች አንዱ የእርስዎ መሆኑን ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ጥናቱ የተከፈተ ዕለት፣ ለሕዝቡ አርአያ እንዲሆን እጅጌዎን ሰብስበው ካሜራ ፊት የሰጡት ደም ነው። እርስዎም ነፃ የተባሉት በዚያው ጠርሙስ ነው። ከሌሎቹ ጋር ልጣለው፣ ወይስ የእርስዎን ብቻ ላስቀር?