ዕዳ ስለሌለብኝ የተከለከልኩት ብድር

ለተከበሩ አቶ ፓራግ ቫሳቫዳ
የባንኩ የባቭናጋር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። የእናትዎ የካላቤን ጉልበት እየተሻለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቤታችሁ ድረስ እየመጣሁ እንቅስቃሴ የማሠራቸው እኔ ነኝና።

ኽያቲ ማንካድ እባላለሁ፤ በሆስፒታል ተቀጥሬ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የራሴን የሕክምና ክፍል ለመክፈት ብድር የጠየቅሁዎት፣ የምከራየው ክፍል ባለቤትም ከዲዋሊ በዓል አልፎ እንደማይጠብቀኝ ያስረዳሁዎት እኔው ነኝ። አቤቱታዬን በጋዜጣ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ የቢሮዎ ዘበኛ ፊቴን ገና ከሩቅ ሲያይ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ስለጀመረ ነው።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ስመጣ የብድር ታሪክ የለሽም ተባልኩ። ተበድሬ ስለማላውቅ ብድር እንደማይገባኝ በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። የሰው እጅ እንዳላይ ተደርጌ ነው ያደግሁት፤ ይህ እንደ ጥፋት የሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ታሪክ እንዲኖረኝም በራስዎ ምክር፣ ከባንክዎ በተገኘ ብድር፣ በየወሩ የሚከፈልበት ፍሪጅ ገዛሁ። ቤታችን ፍሪጅ ነበረው። አሁን ሁለት አለን፤ አንደኛው ባዶውን ሲያጉረመርም ይውላል።

ሁለተኛ፣ አባቴ ሃስሙክ ጨርቅ ነጋዴ ነው። እንደ ገበያው ሰው ሁሉ በዲዋሊ አሮጌውን የሂሳብ መዝገብ ዘግቶ፣ አዲሱን ቀይ ዱቄት ቀብቶ ይከፍታል፤ የዓመቱን ዕዳ ወደሚቀጥለው ዓመት አያሻግርም። የፍሪጁን ጉዳይ ከእናቴ ሲሰማ፣ ለእኔ ሳይነግረኝ እርስዎ ዘንድ መጥቶ የቀረውን በሙሉ ከፈለ። ቤት ገብቶም የጣፋጭ ካርቶን ፊቴ አስቀመጠና፣ «ልጄ፣ ዕዳ ይዘሽማ ዲዋሊ አትገቢም። ጨርሼልሻለሁ» አለኝ። ደስታው ፊቱ ላይ ስለነበር ጣፋጩን በላሁ።

እርስዎ ገንዘቡን ሲቀበሉ፣ ብድሩ በአንዴ ስለተዘጋ ታሪኬ ገና ሳይጀመር ማለቁን ያውቁ ነበር። ሻይ አዘዙለት እንጂ አልነገሩትም። ዝም ያሉት ሽማግሌ አክብረው ይሁን፣ ወይስ ከጊዜው ቀድሞ በመክፈሉ ላስከፈሉት ቅጣት ብለው፣ ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል።

የቀሩትን ቅሬታዎች ቁጥር ሳልሰጣቸው ልለፍ። ብድር በጠየቅሁ ቁጥር፣ ባንኮች ተበዳሪን የሚመዝኑበት የብድር ነጥቤ እንደሚቀንስ ዘግይቼ ሰማሁ፤ ታዲያ «እንደገና አመልክቺ» እያሉ የመለሱኝ ማን ነበሩ? ማመልከቻዬ ውድቅ በሆነ ማግስት ደግሞ ከባንክዎ አንዲት ልጅ ደውላ፣ ከተመረጡት ደንበኞች አንዷ ስለሆንኩ ክሬዲት ካርድ ልትሰጠኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ለሕክምና ክፍል ያልታመንኩ ሰው ለጫማ መግዣ እንዴት ታመንኩ? ተጠራጣሪ ብሆን ኖሮ፣ ባንክዎ የሚወደው የሚከፍለውን ሳይሆን ከፍሎ የማይጨርሰውን ነው እል ነበር።

ስለ ክፍሉ እንዳይጨነቁልኝ። የፍሪጁ ወሬ ገበያውን ዞሮ ከክፍሉ ባለቤት፣ ከክር ሻጩ ከጃያንቲ ጆሮ ደረሰ። ሰውዬው በቅድሚያ የሚከፍል ሌላ ተከራይ ነበረው። ሱቃችን ድረስ መጥቶ ግን ቁልፉን እጄ ላይ አደረገና፣ «የፍሪጅ ዕዳ እንኳ የማያሳድር ሰው ልጅ ናት የኔን ኪራይ የምትበላው? ሥራሽን ጀምሪ፣ ቀስ ብለሽ ትከፍዪኛለሽ» አለኝ። እርስዎ ዳግመኛ ታሪክ የለሽም ብለው የመለሱኝ በዚያው ክፍያ ምክንያት ነበር።

አልጋውን ሆስፒታሉ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ አገኘሁት። ሁለተኛው ፍሪጅም ላበጠ ጉልበት የሚሆን በረዶ ይዞ ሥራ ጀምሯል፤ ስለ ምክርዎ በድጋሚ አመሰግናለሁ።

ነጥብዎ ከፍ ብሎ፣ ዘበኛዎም ንቁ ሆኖ እንዲቆዩልዎ የምመኝ፣ በመዝገብዎ የሌለሁት፣
ኽያቲ ሃስሙክ ማንካድ

ማስታወሻ፦ የእናትዎን ሕክምና ሒሳብ ከዲዋሊ በኋላ እከፍላለሁ ብለው የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ታሪክዎን ሳልጠይቅ ማከሜን እቀጥላለሁ። ምናልባት ከበዓሉ በፊት ሊከፍሉኝ ካሰቡም አይፍሩ፤ እኔ ቀድሞ የከፈለን ሰው አልቀጣም።