ድምፁ ከምስሉ ይቀድም ነበር

እሑድ፣ ነሐሴ 18

ዛሬ የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍታ ሬዲዮውን አጠገቡ አስቀመጠች። እዚህ አሰላ፣ እኛ ሰፈር ሩጫ የሚታየው እንዲህ ነው፤ ምስሉ ከዲሽ፣ ድምፁ ከሬዲዮ። ሬዲዮው ትንሽ ስለሚቀድም፣ ሩጫ የሚያስተላልፈው ያ ጋዜጠኛ «ወጣች! ወጣች!» ብሎ ሲጮኽ የእኛዋ ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ ገና በሌሎቹ ተከባ ነበር የምትታየው። እኛ ግን እሱን አምነን ከመቀመጫችን እንነሳ ነበር። ከመጮኹ በፊት ትንፋሹን ሳብ ያደርግ ነበር። እንደሱ የሚያደርግ ሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ያ ጋዜጠኛ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያው ሩጫ ነው። በእሱ ቦታ የተተካው ልጅ ገና አፉን ሲከፍት እማዬ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብላ ሬዲዮውን ዘጋችው። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጁ ምን አጠፋ፣ ግን አስጠላኝ። የጣሪያውን ዝናብ እየሰማን ሩጫውን አየን።

የመጨረሻው ዙር ሲጀመር የእኛዋ ከኋላ ተከባ ነበር። እማዬ ድንገት ብድግ አለች፤ ነጠላዋ ወደቀ።

«ወጣች!»

ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ነው ልጅቷ በውጭ በኩል አፈትልካ የወጣችው።

«እማዬ፣ በምን አወቅሽ?»

«እሱ ሲናገር አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ ተቆጥታ።

ሬዲዮውን አንስቼ አየሁት። ዝግ ነው። «አልሰማሁም» አልኳት።

ግን እሷ ብድግ ከማለቷ በፊት፣ ትንፋሹን ሳብ ሲያደርግ እኔም ሰምቻለሁ።