ባሕሩ የሞላበት የኮምፓስ ውድድር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4

የእሑዱ የኮምፓስ ውድድር ተፈቀደልን! ግን እንዲህ ያለ ፈቃድም አለ? የቀበሌው ሊቀመንበር አሠልጣኛችንን ደረጀን፣ «እሑድ ከስድስት ሰዓት በኋላ የሚመጣ አንድ ሰው ካለ ክበቡን እንዘጋዋለን፤ ኮምፓሶቹም ለአብዮት ጥበቃ ይሰጣሉ» አሉት። አምና ሁለት ልጆች ጫካ ውስጥ ጠፍተው ስላደሩ ነው።

አንድ ሰው! ከዚያ ሁሉ ሯጭ መሐል!

ዓርብ

ከፋብሪካ ስመለስ ዘይነባ ከባሏ የጨርቅ ሱቅ ጠራችኝ።

«ሴትዮ፣ ጉልበትሽስ?»

«እንዳንቺ ምላስ ቢሆንልኝ እሮጥ ነበር» አልኋት። ዘንድሮ የምትሮጠው እሷ ናት፤ እኔ ማብቂያው ላይ ቆሜ መዝጋቢ ነኝ።

የመጀመሪያውን ዓመት እያነሣን ሳቅን። ካርታ ይዘን በየዛፉ ላይ የተቀባውን ፊደል ስንፈልግ፣ ጎረቤቱ «ተወልደው ባደጉበት አገር መንገድ ጠፋቸው» ይለን ነበር። ዘይነባ ኮምፓሱን አንገቷ ላይ አሥራ ብትገባ አማቷ ደንግጠው፣ «ምነው ልጄ፣ ማተብ አሠርሽ?» አሏት። ያኔ ሁለታችንም ቀጭን ነበርን። ልጆቻችንን ለጎረቤት ጥለን በባሕሩ ዳር ስንሮጥ የሚያህለን አልነበረም። ያ ጊዜ የት ሄደ?

ቅዳሜ

ደረጀ ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ዛፎቹን ዞሮ ያያል። ዛሬ ግን ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርተው እስኪመሽ አዋሉን። የቀረ ሰው ስኳር አያገኝም ተብሏል፤ ማን ይቀራል?

«ግድ የለም እታለም፣ በግንቦት አብረን የሠራነው ካርታ ነው» አለኝ ደረጀ። እውነቱን ነው አልሁት። እኔ ቀይ ቀለሙን ይዤ፣ ዘይነባ ፊደሉን እየቀባች፣ እሱ ካርታውን እየሣለ ያን ቀን ስንዞር ዋልን። የባሕሩ ዳር ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር።

እሑድ

ልቤ አሁንም አልተመለሰም።

አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ሯጭ መድረስ ነበረበት። ማንም የለም። አምስት ተኩል ሆነ፤ ማንም። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን እያዩ፣ «ጓድ ደረጀ፣ ዘንድሮ ሁሉም ነው እንዴ የጠፋው?» አሉ። የደረጀ ፊት አመድ መሰለ።

ባሕሩን ቀና ብዬ ሳይ ገባኝ። የመጨረሻውን ፊደል የቀባንበት ባንባ ዛፍ በግንቦት ደረቅ መሬት ላይ ነበር። አሁን ጥቅምት ነው፤ ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ሞልቷል። ዛፉ ውሃ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው! ደግሞ ጉማሬ የማይጠፋበት ቦታ። ሦስታችንም እዚሁ እየኖርን እንዴት አላሰብነውም?

ለደረጀ በጆሮው ነገርሁት። ሊሮጥ ሲነሣ ከደንገሉ ጀርባ አንድ ታንኳ ብቅ አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በባሕሩ ላይ እንጨት ጭነው የሚመጡት ሻጮች ይቀዝፋሉ፤ ሯጮቻችን እንጨቱ ላይ ተኮልኩለዋል። መጨረሻ ላይ ዘይነባ፣ እስከ ወገቧ ርሳ።

ለካ ባንባው ጋ ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። ፊደሉን ስለምታውቀው ሮጣ ማሸነፍ ስትችል ዳር ላይ ቆማ፣ «ውሃ ውስጥ የሚገባ ዋ! አንድ ሰው ከጠፋ ክበባችን አለቀ» እያለች ሁሉንም ስትከለክል ቆይታለች። እንጨት ሻጮቹን ከባሏ ሱቅ ጨርቅ እሰጣለሁ ብላ ለመነቻቸው። ለሁሉም ፊደሉን አሳይታ፣ አሳፍራ፣ ራሷ መጨረሻ ተሳፈረች። ልክ ስድስት ሊሆን ሲል ደረሰች።

«ይኼ የእግር ውድድር ነው ወይስ የባሕር ኃይል?» አሉ ሊቀመንበሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ነገ ኮሚቴው ይወስናል።

ሰኞ

ሁለት የኮሚቴ አባላት «በታንኳ ነው የመጡት፤ ይዘጋ» አሉ። ደረጀ አንገቱን ደፋ። ዘይነባ እጇን አወጣች፦

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቅዳሜ ስብሰባ ባይኖር ደረጀ ውሃውን ያየው ነበር።»

 በዚህ ዘመን እንዲህ ይባላል? እኔ መሬቱን ነው ያየሁት። ሊቀመንበሩ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ሁሉም በሰዓቱ ደርሷል። እስከ ሰኔ ይቀጥሉ» አሉ።

ከሰኔ በኋላ እንጃ።

ስንወጣ ዘይነባ እጄን ያዘችኝ።  እስከ ቤቷም አልለቀቀችኝም፤ እኔም አላስለቀቅኋት።