ዴሊያ ስንት ዓመት ሲሞላት

ለተከበሩ አማቴ፣

እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? ልጄ ዴሊያ ከቤቱ ጀርባ ያለው ኩሬ በረዶ ሆነ ብላ ጽፋልኛለች፤ እባክዎ እዚያ ላይ እንዳትወጣ ይከልክሉልኝ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ትንሽ ሳል ነው የያዘኝ።

መጀመሪያ ላመስግንዎ። የዛሬ ሁለት ዓመት በእስር ቤቱ ፓስተር በኩል የጆሊንን የሂሳብ መጽሐፍ ልከውልኝ ነበር። ደብዳቤ አልነበረበትም፤ ከእርስዎ ደብዳቤ የምጠብቅበት ፊትም የለኝም። የተማርኩት ግን ከታተመው ይልቅ ልጅዎ በተማሪነቷ በየዳሩ ከጫረችው ነው። አንዱ ገጽ ላይ «ክፍልፋይን የፈጠረውን ሰው እግዜር አይማረው» ብላለች። ብቻዬን ስስቅ አብሮኝ የሚኖረው ሽማግሌ ሌስተር፣ አንተ ሰውዬ፣ በሂሳብ የሚስቅ እብድ ብቻ ነው፣ ክፍል ይቀየርልኝ፣ አለኝ። ይኸው ሚስቴ ከሞተች በኋላም አስተማረችኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ፈተናውን አለፍኩ፤ በአርባ አንድ ዓመቴ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ያዝኩ።

የሚያስጨንቀኝም ይኸው ወረቀት ነው። እርስዎ ፍርድ ቤት ያሉትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። የኢንዲያና ሕግ ጠጥቶ ሲነዳ ሰው ለገደለ ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ይላል፤ ዳኛ መነሻ የሚያደርገው ስድስት ነው። ዐቃቤ ሕጉ አሥር ጠየቀ። እርስዎ ተነስተው፣ ስድስቱን ስጡት፣ ከዚያ በታች አልለምንለትም፣ ከዚያ በላይም አልፈልግበትም፣ አሉ። ስድስት ተፈረደብኝ።

ውጭ ያለ ሰው ስድስት ሲባል ስድስት ይመስለዋል። እዚህ አይደለም። ሦስት ቀን አርፎ የተቀመጠ እንደ አራት ቀን ይታሰብለታል፤ ከፍርዱ በፊት የታሰርኩበትም ገብቶ ስድስቱ አራት ተኩል ይሆናል። የትምህርት ወረቀቴን ካስገባሁ ደግሞ ስድስት ወር ይቀነሳል። አራት ዓመት ማለት ነው፤ በሚያዝያ እወጣለሁ። ሌስተር፣ ምን ትጠብቃለህ ጅል፣ እኔ ባገኘው በጥርሴ ነክሼ እሮጥ ነበር፣ ይለኛል። ጥርስ እንኳ የለውም።

ወረቀቱ እስካሁን ፍራሼ ሥር ነው። እርስዎ ካሉት ስድስት ላይ የምሰርቅ እየመሰለኝ ማስገባት አቃተኝ። ዴሊያም ስንት ዓመት ሲሞላኝ ትመጣለህ ብላ በየደብዳቤው ትጠይቀኛለች፤ አንድም ቀን መልስ አልሰጠኋትም።

ደግሞም ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ጆሊን በሞተችበት በዚያ ቀን ከእሳት አደጋ ጣቢያው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ስንወጣ የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ ብላኝ ነበር። ሁለት ጊዜ። አራት ቢራ ምን ያደርገኛል ብዬ ሳቅኩባት። ይህን ለጠበቃዬም አልተናገርኩም። ቢያውቁ ኖሮ ስድስት ይሉ ነበር?

እዚህ ላይ ሳለሁ ፍተሻ መጣብን፤ አሁን ከምሳ በኋላ ነው የምቀጥለው። ጠባቂው መጽሐፉን ዘቅዝቆ ሲያራግፈው፣ ከኋላ ሽፋኑ ላይ ካለችው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኪስ አንዲት ካርድ ወደቀች። በላይዋ የተዋሱት ልጆች ስም አለ፤ የመጨረሻዋ ጆሊን ናት። ጀርባዋን ስገለብጠው የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ነው። «6 ዓመት። ሩቡ ሲነሳ 4 ተኩል። ፈተናውን ካለፈ 4።» ከሥሩ «ዴሊያ 9» ይላል። ዘጠኟን ሁለት ጊዜ ከበውባታል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ራስጌዬ አስቀምጬው ስተኛ ኖሬያለሁ። ማን ነገረዎት? በዚያ ጉልበት የፍርድ ቤቱን ደረጃ ወጥተው ጠይቀው መሆን አለበት። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያ አፈኛ ሌስተር እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ስለ ቁልፉ የጻፍኩበትን ገጽ ልቀደው አሰብኩ። አልቀደድኩትም። ያን ጊዜ ሲያሰሉ ይህን አያውቁም ነበርና ካርዷን ከዚህ ጋር መልሼ ልኬልዎታለሁ። እንዳለች ከተመለሰችልኝ ወረቀቴን በዚያው ቀን አስገባለሁ። ዘጠኟን ቢቀይሯትም አልቀየምም፤ ምስጋናዬም አይቀንስም። የተጻፈችው በእርሳስ ነው፤ በላጲስ ትለቃለች።

ጌታ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ያቺን ልጅ ያሳደገ እጅዎን ይባርክልኝ።

የዴሊያ አባት