የአባዬ ባንኮኒ ስባሪዎች

ግንቦት 4፣ 2001 ዓ.ም.፤ ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም አልደረቀም። ጎኑ ደርቋል፣ ጀርባው መዳፌን ያቀዘቅዘዋል። አንድ ቀን ልጨምርለት።

ደብተሬ፣ ለአንተ ብቻ የምናገረው ነው፤ ግቢው ውስጥ የዳቦ ምድጃ የምሠራው ዳቦ አምሮኝ አይደለም።

እማዬ በረንዳው ላይ የሙስበሃዋን ዶቃ ትቆጥራለች። ምን እየሠራህ ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ታላቅ ወንድሜ ሰኢድ ት/ቤት ሲዘጋ ከአዲስ አበባ መጥቶ ይወስዳታል። ሚስቱ እርጉዝ ናት። ለጥቂት ጊዜ ነው ይላል በስልክ። የሰኢድን ጥቂት አውቀዋለሁ። እሱም ለጥቂት ጊዜ ብሎ ነበር ከተማችንን ከሚሴን የለቀቀው።

ግንቦት 8፤ ከሰዓት

ማዳበሪያውን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። ውስጡ የአባዬ ባንኮኒ አለ፤ ማለት የተረፈው። መንገዱ ሲሰፋ ሻይ ቤታችን ከነምድጃው ፈረሰ። አባዬ ዓመት ቀድሞ ሞቶ ስለነበር አላየም። ባንኮኒው ፊት ላይ ለጥፏቸው የነበሩትን ሴራሚኮች ከፍርስራሹ ለቀምኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ከሦስት ቦታ የተገዙ፣ መጠናቸው የማይገጥም። ራሱ ነበር የደረደራቸው፣ አንጋዶ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ባንኮኒህ ሰክሯል ይሉት ነበር። እዚህ ቤት የሚሰክረው እሱ ብቻ ነው ይላቸዋል፣ ሻይ እየቀዳ። ሃያ ዓመት ያቺው ቀልድ። ሃያ ዓመት ሳቁላት።

አርብ ጠዋት የሻይ ቤቱ ምድጃ ለሽያጭ አይጋግርም ነበር። የአርብ ዳቦ የመንገደኛ ነው፦ መኪና ያመለጠው፣ ሰንበቴ ገበያ ከብት ሸጦ የሚመለስ፣ ማንም ይሁን። እማዬ ትጋግራለች፣ አባዬ ያድላል። ምድጃው ከፈረሰ ወዲህ እጇ ሊጥ አልነካም።

ምድጃ ካለ ትቀራለች። ሐሳቤ ይኼ ነው። አሁን ስጽፈው የልጅ ሐሳብ ይመስላል።

ግንቦት 13

ጎረቤታችን ይማም ግንበኛው መጣ። ስባሪዎቹን አይቶ ምድጃውን ልትድረው ነው እንዴ፣ እንደ ሙሽራ የምታስጌጠው አለኝ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። በስሚንቶ ነው የምንለጥፈው አለ፤ ስሚንቶ የያዘውን ማን ያስለቅቃል። አመንኩት። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የሚሠራ ሰው ነው።

ማታ ጨረስን። ከሩቅ ሲያዩት ባንኮኒው ጎብጦ የተቀመጠ ይመስላል። እማዬ እኔንም ይማምንም ተራ በተራ አየችን። ወደ ሙስበሃዋ ተመለሰች።

ግንቦት 20

የመጀመሪያው እሳት። የግራር እንጨት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጠሽ። አንዱ ቢጫ ወደቀ። ጠሽ። አረንጓዴው። ይማም በመዳፉ ደግፎ ሊይዛቸው ሞከረና ተቃጠለ። ስሚንቶው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተላቆ ወረደ። ስባሪው እንደገና ተሰበረ።

ከበረንዳው ድምፅ ሰማሁ። የምታለቅስ መሰለኝ። ስዞር እየሳቀች ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ።

"ሁለት ወንድ ሆናችሁ ስሚንቶ ጭቃ ላይ ለጠፋችሁ።"

ጭቃ ሲሞቅ ይነፋል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል አለችን፤ ስሚንቶ ግን እልኸኛ ነው፣ አብሮ አይሄድም። አባዬም የመጀመሪያ ምድጃውን እንዲሁ አበላሽቷል። አላውቅም ነበር። እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አልጠየቅከኝማ አለች።

ግንቦት 28

ቀይ አፈር ከቦርከና ወንዝ ዳር። የጤፍ ጭድ ከጨፋ። እበት ከይማም በረት፣ ላበላሸሁት ካሳ ነው አለ። አሁን የምንለጥፍበት ጭቃ ተቦክቶ በላስቲክ ተሸፍኖ ሰባተኛ ቀኑ። እንደ ሊጥ መኮምጠጥ አለበት። ጠዋት ጠዋት እማዬ ላስቲኩን ገለጥ አድርጋ ታሸተዋለች። ለኪ፣ ትላለች። ገና ነው፣ ተወው ማለቷ ነው። በኦሮምኛ የምትናገረው ልቧ ሲረጋ ነው።

የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ማረም አለብኝ። አንድም አላረምኩ። እሷ ያሸተተችውን እኔም አሸታለሁ። ሻይ ቤቱ ጓሮ እንዲህ ይሸት ነበር፣ ክረምት ሲገባ። እንዴት ረሳሁት? ሌላስ ምን ረስቻለሁ?

ሰኔ 3

ዛሬ ደርሷል አለች። ጫማዋን አውልቃ፣ ቢስሚላህ ብላ ጭቃው ውስጥ ገባች። ቁርጭምጭሚቷ ቀጥኗል። ይማም ተዉ እኔ ልርገጠው አላት። የአንተን አይተነዋል አለችው።

ዓይኗን ሞራ ስለጀመረው ስባሪዎቹን በጣቷ ነው የምትለያቸው። ይቺ የገንዘብ ሣጥኑ ፊት የነበረች። ይቺ የሻይ ጋኑ ሥር ትላለች። አንዲት ሰማያዊ ላይ ቆየች። ጠርዟ ተፈልጧል፤ አንድ የአፋር ከብት ነጋዴ ሽያጩ ሰምሮለት ደስ ሲለው በበትሩ የመታት ናት። ሰውዬው ሊክስ ፈልጎ ነበር፤ አባዬ ደስታህ የመታውን አንተ አትከፍልም ብሎ መለሰው። ታሪኩን አውቀዋለሁ። እንደማያውቅ ሆኜ ሰማኋት።

እኔ እያጠጋጋሁ ስለጥፍ እጄን ያዘችኝ።

"ጣት የሚያህል ክፍተት ተው፣ ኢልማ ኮ። ሲሞቅ ወዴት ይሂድ?"

ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ከልጅነቴ ወዲህ አልሰማኋትም።

ሰኔ 11

ደረቀ። በቀስታ አነደድን። መጀመሪያ ጭድ፣ ኋላ ቀጫጭን እንጨት፣ ኋላ ግራር። ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። አንድም አልወደቀም። ያቺ ጠርዟ የተፈለጠ ሰማያዊ ብቻ የለችም፤ ከምድጃው አፍ በላይ ቦታዋ ባዶ ነው። ሌላ ጊዜ ትገባለች አለች እማዬ።

ሰኔ 12፤ አርብ

ጋገረች! ይማም ቤት ላክን፣ መንገድ ላይ ላገኘነው ሰጠን። ተሳካልኝ ብዬ አሰብኩ። እዚህ ጽፌው ልተኛ ነበር።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጠርታ አስቀመጠችኝ። ተረጋግታ ነው የነገረችኝ። የሰኢድ ሚስት እናት የላትም፤ የበኩር ልጇ ነው፤ ስትወልድ የሚያርሳት ሰው የለም።

"ምድጃውን የሠራኸው እንዳልሄድ ነው። ገና አፈሩን ስትቆፍር ነው ያወቅሁት።"

ታዲያ ለምን ረዳሽኝ አልኳት።

"ለአንተ ይሆናል ብዬ ነዋ።"

ከዚያ እርሾ እንዴት እንደሚቀመጥ ነገረችኝ። አንዱንም ልብ ብዬ አልሰማሁም።

ሰኔ 21

ሄዱ። ሰኢድ መኪናው መስኮት ላይ ሆኖ ግቢውን አየ። ምድጃውን ሲያይ ሰክሯል አለ፣ ሳቀም፤ ከዚያ ፊቱን አዞረ። እማዬ የነጠላዋን ጫፍ ቋጥራለች። ቋጠሮው ጠርዝ ያለው ከባድ ነገር የያዘ ያህል ይወዛወዛል። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ሐምሌ 1፤ ረቡዕ

ዝናብ። ምድጃው ላይ ቆርቆሮ አድርጌያለሁ። ስር የገባ ውሃ የለም፤ ሦስቴ ወጥቼ አየሁ።

ስልክ ተደወለ። ሴት ልጅ ተወለደች። ሁለቱም ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። የደወለው ሰኢድ ነው። ስልኩን እማዬ ተቀበለችው። ስለ ሕፃኗ ትንሽ ነገረችኝና፣ ያለፈውን አርብ ዳቦ ማን በላ አለች።

መንገደኞች አልኩ። ሦስት ሰው። አንዱ ከሰንበቴ የሚመለስ ነው አልኩ። ወላሂ ልልም ነበር።

ሕፃኗ ከኋላዋ ታለቅሳለች።

"እንግዲህ ለሚመጣው አርብ ዱቄት አይነስህ። ወሬ ሰምተው ይበዙብሃል።"

አወቀች። እሷ ከሄደች ወዲህ ምድጃው እሳት አላየም።

ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ገበያው አለ። በዝናቡ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄጄ የስንዴ ዱቄት ገዛሁ፣ ልሸከመው የማልችለውን ያህል። ይማም አግዞ አወረደልኝ። ስንት ሰው ነው የምትጋብዘው አለኝ። አላውቅም።

ሐምሌ 3፤ አርብ፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ሊጡ ሌሊቱን ኩፍ ብሎ ከጎድጓዳው ሳህን ወጥቷል። ፍሙን ጠርጌ አወጣሁ፣ ዳቦው ገብቷል። ቀድሞ የወጣው ዳቦ ሥሩ አሯል፤ እሱን እኔ እበላዋለሁ። ከአፉ በላይ ያለችውን ባዶ ቦታ በሌላ ስባሪ ለክቻት ነበር። ልክ ይገባል። መልሼ ማዳበሪያው ውስጥ ከተትኩት፤ ቦታው የሰማያዊዋ ነው።

የግቢውን በር ከፍቼዋለሁ። አንድ ሰውዬ፣ በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ጭሱን አይቶ ይሆናል። ወደዚህ ያያል። አሁን ተሻገረ። ልነሳ፣ ዳቦው ደርሷል።