የጠፋችው ግማሽ ፊደል

ጥቅምት 6

መብራት ቀኑን ሙሉ ነበር፤ ጉድ ነው። ዘጠኝ ማመልከቻ፣ ሁለት የኪራይ ውል፣ አንድ የሠርግ መጥሪያ ተየብኩ። መጥሪያውን ሦስቴ አስደገሙኝ። ሙሽራዋ ሠርክአዲስ "በንጉሡ ሠ" ካልሆነ አልቀበልም ብላ። መሪጌታው አባዬ ቢሰሙ ይመርቋት ነበር።

ጥቅምት 9

መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ… ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ጭስ ጭስ ሸተተ። ሞተ።

የደንበኛ ጽሑፍ እንደገና ይተየባል። የአባዬ ቅኔስ? ኮፒ የለኝም። የፍኖተ ሰላምን ሰው ሁሉ "ፍላሽ ላይ ያዙ" ስል የምውለው እኔ!

ጥቅምት 10

እንቅልፍ የለም። ለራሴ ልጻፈው፣ ምናልባት ይቀለኛል።

ሳልነግራቸው አግብቼ ስለወጣሁ ከአባዬ ጋር አራት ዓመት ተኳርፈን ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ታረቅን። በሳምንቱ "ነይ ጻፊ" አሉኝ። መሪጌታ ገብረሰንበት፣ ቅኔ በቃል እንጂ በወረቀት የማያምኑት! በየእሑዱ እሳቸው እያሉ እኔ እየተየብኩ መቶ ሠላሳ ስድስት ደረሰ። አንዳንዱ ግእዝ፣ አንዳንዱ አማርኛ። እጄ ጻፈ እንጂ ልቤ ብዙውን አልያዘም።

አሁን እሳቸውም አይዙትም። ካለፈው ክረምት ወዲህ ይረሳሉ። እኔን "ታንጉት" ይሉኛል፤ የሞተችው እህታቸው ናት። ያ ፋይል ከጠፋ ቅኔው በማንም ዘንድ የለም።

ጥቅምት 15

ኮምፒዩተር ጠጋኙ ማሽኑን አስነስቶ ፋይሉን አወጣው! እግዜር ይስጠው። እልል ብዬ ከፈትኩት…

ቻይንኛ ነው። ከዳር እስከ ዳር። አልፎ አልፎ ባዶ ሳጥን። አባዬ ቤጂንግ የተማሩ ይመስላሉ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 18

ቡሬ ሄድኩ። ሜላት እዚያ ኮሌጅ ኮምፒዩተር ታስተምራለች፤ የመመረቂያ ጽሑፏን የተየብኩላት እኔ ነኝ። ፋይሉን በሌላ ፕሮግራም ከፈተችው። ቻይንኛው ጠፋና ጥንድ ጥንድ ምልክት ተደረደረ።

12 2D 12 45 12 20 00…

"እትዬ ባንቺ፣ ይሄ ነው እውነተኛው ፋይል። ቻይንኛው የንባብ ስህተት ነው።"

"ታዲያ ዐሥራ ሁለቱ ምን በዛ?"

"ዐሥራ ሁለት አይባልም። አንድ፣ ሁለት ነው የሚባለው። በኛ ቁጥር ዐሥራ ስምንት ነው።"

በዚህ ዕድሜዬ 12ን ማንበብ አልችልም ማለት ነው? ተናደድኩ። ኢንተርኔት ስለሌለ አፈታቱንና የፊደሎቹን ቁጥር ሁሉ በእርሳስ ጽፋ ከነፕሮግራሙ ሰጠችኝ። "ቅኔውን የተየብሽው አንቺ፣ የምትፈቺውም ራስሽ ነሽ" አለች። እንቢ ማለት ነበረብኝ…

ጥቅምት 21

የሜላትን ወረቀት እያየሁ።

ቢት ማለት አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ። ወይ 1 ወይ 0። ስምንት ሲሰለፉ ባይት። እሺ።

ባይቱን ለሁለት ክፈዪው፣ አራት አራት። አራት ማብሪያ ማጥፊያ በዐሥራ ስድስት ዓይነት ይበራል፣ ይጠፋል። ቆጠርኩ፣ እውነት ነው። ለዐሥራ ስድስቱ ዐሥራ ስድስት ምልክት ያስፈልጋል። ከ0 እስከ 9 ዐሥር ብቻ ስለሆነ A፣ B፣ C፣ D፣ E፣ F ተጨመሩ። እኔ ደግሞ ፊደሉን ሳይ እንግሊዝኛ መስሎኝ ለማንበብ ስታገል ነበር!

ስለዚህ አንድ ባይት ሁልጊዜ ሁለት ምልክት ነው። 2D ማለት 0010 እና 1101። ከዚህ አይበልጥም፣ አያንስም። ይቺን ለማወቅ ሦስት ቀን… ይሁን፣ ገባኝ። ተመስገን።

ጥቅምት 24

ዛሬ ብቻዬን ጮህኩ። ጎረቤት ምን ሆነች ብሎ መጣ።

ሜላት የፊደሎቻችንን ቁጥር ጽፋልኛለች። ሀ 1200። ለ 1208። ሐ 1210። "ከ08 ዘልሎ እንዴት 10?" እያልኩ ስበሳጭ ከረምኩ። ለካ እያንዳንዱ ፊደል ከነዘሩ ስምንት መቀመጫ ተሰጥቶታል! ሀ ስምንት፣ ለ ስምንት፣ በድምሩ ዐሥራ ስድስት። ዐሥራ ስድስት ሲሞላ 10 ተብሎ አዲስ ረድፍ ይጀመራል። ለካ 12 ዐሥራ ስምንት የሆነው ለዚህ ነው! ሁለት ሁለት ፊደል በየረድፉ።

ግእዙ ሁሌ በ0 ወይም በ8 ያልቃል። ሳድሱ በ5 ወይም በD። አባዬ በጨንገር ያስጠኑኝ ሰንጠረዥ ነው እኮ! ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ… ለካ ግማሹን የማውቀው ነበር።

ጥቅምት 25

አገኘሁት!

አንድ ፊደል ሁለት ባይት ነው። ወረቀቱ እንደሚለው ኮምፒዩተሩ ታናሹን ባይት ያስቀድማል፤ ር 122D ከሆነ 2D 12 ብሎ ያስቀምጠዋል። የኛ ፋይል ግን በ12 ይጀምራል። ከፊቱ አንድ ባይት ተቆርጧል! ኮምፒዩተሩ የአንዱን ፊደል ጅራት ከሚቀጥለው ራስ ጋር እያጣመረ ነው ቻይና የገባው።

ለቦታው ያህል ብቻ ከፊት አንድ ባይት ጨመርኩ…

አማርኛ! ግእዝ! መቶ ሠላሳ ስድስቱም። ለሜላት ደወልኩ። አንዱን ቅኔ አነበብኩላት። "አየሽ እትዬ" ብላ እሷም አለቀሰች። ይቺን ልጅ የወለደ ማኅፀን ይባረክ። ወዲያው በሦስት ፍላሽ ገለበጥኩ።

ጥቅምት 27

አንድ ነገር ቀርቷል። የመጀመሪያዋ ፊደል። 12 የሚለው ግማሿ አለ፣ ሌላው ግማሽ የለም። አንድ ባይት ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ነገር ሊሆን ይችላል። ማሽኑ አያውቅም።

"_ርቅ ምን እንደሆን ባንቺ አየሁ" ይላል መስመሩ። የኔን ስም አስገብተውበታል፣ የኔ አባት። ድርቅ? ሊሆን አይችልም። ቅኔ ነውና ወርቅ ይሆናል ብዬ C8 ሞላሁ። ወ ማለት 12C8።

ወርቅ ምን እንደሆን ባንቺ አየሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ኅዳር 2

ገጠር፣ ወንድሜ ቤት። አባዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

"ታንጉት፣ መጣሽ?"

"መጣሁ።"

ከጎናቸው ተቀምጬ ከወረቀቱ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩላቸው። እጃቸው በቆሎው ላይ ቆመ።

"ድገሚው።"

ደገምኩት።

"ተበላሽቷል። ወርቅ አይደለም። ዕርቅ ነው። ዕርቅ ምን እንደሆን ባንቺ አየሁ… በዐይኑ ዕ ጻፊው፣ በአልፋው እንዳታደርጊ።"

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ የማያውቁ ሰው!

"የማን ቅኔ ነው?" አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ፈገግ ብለው ቀጠሉ። "ጎበዝ ነው ሰውዬው። ባንቺአየሁ የምትባል ልጅ ኖራው ተጣልቷት፣ ኋላ ታርቋት ነው።"

ፊታቸው ጠቆረ።

"የኔም ልጅ ባንቺአየሁ ናት። ተኳርፈናል። ሳትነግረኝ ሄደች… ታንጉት፣ እስቲ አንቺ ታውቂ እንደሁ። ታርቀናል?"

"ታርቃችኋል አባዬ። ድሮ ነው የታረቃችሁት።"

"እርግጥ?"

"እርግጥ።"

"ተመስገን" አሉና በቆሏቸውን ቀጠሉ።

ማታ ቤት ስገባ C8ን አጥፍቼ D5 ጻፍኩ፤ በዐይኑ ዕ።