የቆመህ ጠብቀኝ ዘንግ

ማክሰኞ፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

በቅኔ ቤት ሳለሁ ቁራሽ ለምኜ ስመለስ የሰው ውሻ ባቴን ዘነጠለው፤ ቁስሉን በአመድ አሽቼ ማታውን ቅኔዬን ተቀኘሁ። ጣልያን ጎተራዬን ሲያቃጥል ደንገል ውስጥ ተኝቼ ጢሱን አየሁ፤ አልጮኽሁም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ቡቃያዬን ከነአፈሩ ጠረገው፤ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራ ዘራሁበት። ወባ ሁለት ልጆቼን ባንድ መኸር ወሰደች፤ ዓመት ሳይሞላ እናታቸው ተከተለቻቸው፤ እንባዬን ያየ ሰው የለም። ይህን ሁሉ ቻልሁ። ዛሬ በገዛ ቤቴ ከገዛ ልጄ አፍ የሰማሁትን ግን መቻል አቃተኝ።

ልጄ ስንሻው እሑድ ሚስት ያገባል። ሙሽራዪቱ ደጅ ስትደርስ ከአባቴ የወረስሁትን ጠመንጃ ይተኩስ ዘንድ ለመነኝ፤ እሺ አልሁት። ይህ ጠመንጃ እንደ ዘመኑ ጠመንጃ ከኋላው ጥይት የሚቀበል አይደለም። ባሩዱን በአፉ ይጎርሳል፤ በላዩ የጨርቅ ውታፍ ይገባል፤ ያም በረጅም የብረት ዘንግ ይጠቀጠቃል። ከጎኑ ጆሮ የምንላት ጎድጓዳ ብረት አለችው፤ በእርሷ ላይ ጥቂት ባሩድ ይነሰነሳል። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱ ብረቱን ይመታል፤ ጆሮው ይነድዳል፤ እሳቱም በቀጭን ቀዳዳ ወደ ሆዱ ይገባል። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚፈጅ ያገር ሰው «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ ሰየመው። ጠላትህን «እስካጎርሰው ድረስ ቆመህ ጠብቀኝ» ትለዋለህ እያሉ ይሥቁበታል።

ከአባቴ የተቀበልሁትን ሥርዓት እነግረው ጀመር። ስታጎርስ ፊትህን በአፈሙዙ ላይ አታድርግ። ጎረሰም አልጎረሰም አፉን ወደ ሰው አታዙር። ጎርሶ በቤት አይደር። በሠርግ ባሩድና ጨርቅ እንጂ እርሳስ አይገባም። ገና ወደ እሳቱ ነገር ሳልደርስ ልጄ ሚዜውን ካሤን በዓይኑ ጠቅሶ፣ «አባቴ፣ ይህ ጠመንጃ ነው ወይስ ታቦት?» አለኝ። ካሤ ሣቀ። ከዳሱ ሥር ግንድ የሚተክሉትም ሣቁ።

«ታቦት ቢሆንማ ለእናንተ አላስይዝም ነበር» ብዬ ተነሣሁ። እራቴንም አልበላሁ።

ረቡዕ፣ ጥር ፲፮

ከኪዳነ ምሕረት መልስ ባሩዱን በቁርበት ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አሞቅሁት። እኔም ከአጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ዶሮ እንኳ አላስቀረብሁም። ካሤ ሲጃራውን አፉ ላይ አድርጎ መጣ። ይህ ልጅ በጎንደር መንገድ የሚመላለስ መኪና ረዳት ነው፤ መኪና ላይ ከወጣ ወዲህ አገር ያበጀው እርሱ ይመስለዋል።

«ራቅ» አልሁት።

«የኔታ፣ ይህች ነቁጥ እሳት ምን ታደርጋለች?»

«ባሩዱም ነቁጥ ነው። ነቁጥና ነቁጥ ሲገናኙ ቤት ይወስዳሉ።»

በከዘራዬ ክንዱን መታሁትና ወደ በሩ ሰደድሁት። ሲጃራውን ጥሎ ተመለሰ፤ ይህን አልክድም። ግን ወዲያው የባሩዱን ቀንድ አንሥቶ፣ «እንዲህ ነው እንግዲህ?» እያለ ከቀንዱ በቀጥታ ወደ አፈሙዙ ሊያፈስስ ቃጣ። እጁን ያዝሁት። ከቀደመው ተኩስ የተረፈ ፍም በውስጡ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ እሳቱ የሚወርደውን ባሩድ ተከትሎ ይወጣል፤ ቀንዱም በእጁ ላይ ይፈነዳል። ለዚህ ነው የፍየል ቀንድ ጫፍ ተቆርጦ መስፈሪያ የተበጀው። በመስፈሪያው ይሰፈራል፣ ቀንዱ ተደፍኖ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው የሚጎረሰው። አንድ መስፈሪያ፤ ሁለት የሚባል ነገር የለም።

«በሠርግ ቀን አንድ ጉርሻ ብቻ?» አለ ካሤ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ የኔታ።»

«ሰውን ያጣላው ይሆናል። ይህን የሚያጣላው ሁለተኛው ነው።»

ቤት ያሉት ሁሉ ለእርሱ ሣቁ። የእኔን ቃል ለመስማት የቆረጠ ጆሮ አልነበረም። በመምህሬ ፊት እንዲህ ብሥቅ ኖሮ ጀርባዬ እስከ ዛሬ ይመሰክር ነበር።

ዓርብ፣ ጥር ፲፰

ታላቂቱ ልጄ ማንጠግቦሽ ባሏን ቤት ጠባቂ አድርጋ ከአንበሳሜ ገባች። ማርና ቅቤ ጭና ነው የመጣች። ጉልበቴን ስማ ቀና አለችና፣ «አባቴ፣ ፊትዎ ጠቁሯል። ለሠርግ ነው ለለቅሶ የጠሩኝ?» አለችኝ።

ስንሻውን አስቀምጬ ዘንጉን አሳየሁት። አባቴ በዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት ቆርጦበታል። ጠመንጃው ባዶ ከሆነ ዘንጉ ሲሰደድ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ የላይኛው ምልክት ከአፉ ጋር ይስተካከላል። አንድ ጉርሻ ካለበት ድምፁ ይታፈናል፣ የታችኛው ምልክት ይስተካከላል። ዘንጉ ከዚያም በላይ ወጥቶ ከቆመ ግን አንድ የማይረባ ሰው ደርቦ አጉርሶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ጠመንጃ ሲፈነዳ ወደ ፊት ብቻ አይተኩስም።

ድገምልኝ አልሁት። ዓይኑን በሩ ላይ ጥሎ ግማሹን ዋጠው። ማንጠግቦሽ ከጓዳ እህል እያበጠረች የቀረውን ሞላችለት።

«አንቺን አልጠየቅሁም» አልሁ።

«አልጠየቁኝም፤ ዝም ብሎ ወጣብኝ።»

«ጆሮው ነድዶ አፉ ዝም ቢልስ?» ብዬ ስንሻውን ጠየቅሁት።

«ደግሜ አጎርሰዋለኋ።»

እንዲህ ብዬ ተቆጣሁት። እሳቱ በሆዱ ውስጥ እየዳኸ እንደ ሆነ በምን ታውቃለህ? እርጥበት ያገኘው ባሩድ ይዘገያል እንጂ አይረሳም። አፈሙዙን ወደ ባዶ ሜዳ እንዳቀናህ ትቆማለህ፤ አታየውም፣ አታወርደውም፣ አትነካካውም። ትጠብቃለህ። አባቶቻችን ያን ስም ያወጡት ለጠላት መሳለቂያ ይመስላችኋል፤ እኔ ግን ለተኳሹ የተሰጠ ትእዛዝ ነው እላለሁ። ቆመህ ጠብቀኝ የሚለው ጠመንጃው ነው። ይህን ስነግረው ጥፍሩን ይቆረጥም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር ፲፱

ጠብ። ስንሻው፣ «ካላመኑኝ ይተዉት፤ ካሤ ምንሽር ጠመንጃ ይዋስልኛል» አለኝ። ይዋስ አልሁ። ከአባቴ እጅ የመጣው ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የሰው ምንሽር በደጄ ሊያጓራ ነው።

ማንጠግቦሽ ውኃ ልትሰጠኝ መስላ መጣችና ቀስ ብላ፣ «አባቴ፣ እምቢ ካሉት ያለ ሥርዓት ይተኩሳል። እሺ ካሉት ግን በእርስዎ ሥርዓት ነው የሚተኩስ» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑም ይበልጥ አናደደኝ። እሺ አልሁ። የማጎርሰው እኔው ነኝ። ዘንጉን ደግሞ ተኩሱ እስኪፈጸም ማንጠግቦሽ ትይዘዋለች። በጥድፊያ ዘንጉን በአፈሙዙ ውስጥ ረስቶ የተኮሰ ሰው ጦር ወረወረ ማለት ነውና፣ ዘንጉ የታወቀ ያዥ ያስፈልገዋል።

ካሤ ይህን ሰምቶ፣ «እሜቴ ማንጠግቦሽ ዘበኛ ሆኑ» ብሎ ተሳለቀ። እርሷ ዘንጉን ወስዳ በጨርቅ ጠቀለለችው።

እሑድ፣ ጥር ፳

ሁላችንም ደኅና ነን። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር ፳፩፣ አስተርእዮ ማርያም

ቍጣዬ ዛሬም አልበረደም።

ትናንት ከማጎረሴ በፊት ስንሻውን፣ «ሆዱን በእርጥብ ጨርቅ ከወለወልህ በኋላ ደረቁን ጨርቅ አስገባህበት?» ብዬው ነበር። አስገባሁ አለኝ። አጎረስሁት፤ አንድ መስፈሪያ፣ አንድ ውታፍ። ዘንጉን ለማንጠግቦሽ ሰጠኋት፤ ጠመንጃውንም ሙሽሮቹ እስኪመጡ ለብቻዬ ያዝሁት። ስንሻው ሙሽራዪቱን ይዞ ሲመለስ ከበቅሎው ወርዶ ከእጄ ተቀበለኝ፤ እኔም ከሽማግሎች ጋር ወደ ዳሱ በር ዞርሁ። እርሱ አፈሙዙን ወደ ታጨደው ማሳ አቅንቶ ምላጩን ሳበ።

ጆሮው ቦግ አለ። አፉ ግን አልተናገረም።

እልልታው ተቋረጠ። የሙሽራዪቱ አጎት ከአጃቢው መካከል ሆኖ፣ «የእነዚህስ ጠመንጃ ጾመኛ ነው» አለ፤ አጃቢው በሣቅ ፈነዳ። የልጄ ፊት ቀላ። አፈሙዙን ወደ ራሱ ዝቅ ማድረግ ጀመረ። ካሤ የባሩዱን ቀንድ ከየት እንዳነሣው አላውቅም፤ የቀንዱን መድፈኛ በጥርሱ ነቅሎ፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል አላልሁም?» እያለ ወደ አፈሙዙ ቀረበ። እኔ ጮኽሁ። ከበሮው ዋጠኝ። እግሬም እንደ ወጣትነቴ አልነበረም።

ማንጠግቦሽ የካሤን የእጅ አንጓ በዘንጉ መታች። ቀንዱ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሣው ሲል የዘንጉን ጫፍ ደረቱ ላይ አድርጋ ገፍታ አቆመችው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ፣ በአጠገቧ የነበሩት እንደሚሉት ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ስንሻው፣ የጠመንጃውን ስም ጥራው» አለችው።

እኅቱን አያት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አየሁ። አፈሙዙን ወደ ማሳው መለሰና ቆመ።

አጃቢው ይሥቃል። ሙሽራዪቱ በበቅሎዋ ላይ እንደ ተሸፈነች ናት። አንዱ፣ «ሙሽራው ጠመንጃውን አገባ እንዴ?» ይላል። ካሤ በዘንጉ ጫፍ ተይዞ፣ «ልቀቂኝ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» ይላል። ልጄ ቆሟል። በዕድሜው እንዲህ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ጠመንጃው ተናገረ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ በቅሎዎቹ በረገጉ፤ የነደደው ውታፍ በርሮ በማሳው ዳር ባለ የጭድ ክምር ላይ አረፈ። ጐረምሶቹ ውኃ አጥተው በአንድ እንስራ ጠላ አጠፉት። የሙሽራዪቱ አጎት፣ «ጠመንጃውም ጾሙን ፈታ፣ ጭዱም ጠጣ» ቢል አገር ሣቀ፤ ከበሮውም ደመቀ። ሠርግ ነውና ጨፈሩ። እኔ አልሣቅሁም። ቀንዱን አንሥቼ አፉን ደፈንሁና ከሰው ራቅ አድርጌ አኖርሁት።

ዛሬ ስንሻውን ስለ ደረቁ ጨርቅ ደግሜ ጠየቅሁት። ሚዜዎቹ ሲጠሩት ትቶት ሄዶ ነበር። እርጥቡን ሰማ፣ ደረቁን አልሰማም፤ ጠይቄውም ዋሸኝ። ሰዉ ግን «የሠርጉ ሲሳይ ነው፣ ዘግይቶ መተኮሱ በረከት ነው» ይላል። በረከት! የገዛ ድንቍርናውን ለእግዚአብሔር የሚያሸክም ሕዝብ።

ማክሰኞ፣ ጥር ፳፪

ካሤ ሽማግሌ ይዞ መጣ፤ ሊከስስ። እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ «ሴት በሰው ፊት በብረት መታችኝ፤ ካሣ ይገባኛል» አለ። ሽማግሎቹ ከዳሱ ሥር ተቀመጡ። የሙሽራዪቱ አጎትም ገና አልሄደም ነበርና አብሮ ተቀመጠ። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች። «መታሁት» አለች።

አጎትየው ካሤን ትኵር ብሎ ሲያየው ቆየና፣ «ልጄ፣ የግራ ቅንድብህ የት ሄደ?» አለው።

ካሤ እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ። ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ። መላጣ ቆዳ ነው ያገኘ፤ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ማንም አልነገረውም፣ እርሱም አላወቀም።

«በዘንጉ ርዝመት ርቀህ ቅንድብህን ከወሰደው» አለ አጎትየው፣ «ቀንዱን ይዘህ አፉ ላይ ብትሆን ኖሮ ዛሬ ለካሣ ሳይሆን ለፍትሐት ነበር የምንቀመጥ።»

ማንም አልሣቀም። ካሤ ተነሣ፤ በማንጠግቦሽ ፊት ቆሞ አንገቱን ደፋ። «እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላት፤ ይህን ጊዜ እሜቴ ማለቱ ፌዝ አልነበረበትም። እርሷም፣ «እጅህን ቅቤ ቀባው» ብላው ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ይቅር አላልሁትም። ሲጃራውን ከደጄ ውጭ እስኪያጤስ ድረስ አልለውም።

ከሰዓት በኋላ ስንሻው ብቻውን መጣ። ጉልበቴን ስሞ ቆመ፤ ተቀመጥ እስክለው አልተቀመጠም። ያገባ ወንድ የአባቱን ጠመንጃ እንደሚቀበል በአገራችን የታወቀ ነው፤ አፍ አውጥቶ ግን አልጠየቀኝም። ስለ ዋሸኝ አፈረ። «ስሙን ስጠራው» አለ ቀስ ብሎ፣ «እርስዎ የሚናገሩ መሰለኝ።» ይህን ሰምቼ ቍጣዬ ጥቂት ዝቅ አለ፤ ግን አላሳየሁትም።

ማንጠግቦሽን ጠርቼ ሁለቱንም በፊቴ አቆምኋቸው። እንዲህም ወሰንሁ። ጠመንጃው ከዛሬ ጀምሮ የስንሻው ነው። ዘንጉ፣ የባሩዱ ቀንድና የፍየል ቀንዱ መስፈሪያ የማንጠግቦሽ ናቸው፤ ነገ ስትሄድ ይዛቸው ትሄዳለች። እኔም ብሆን በሕይወቴ ሳለሁ ያለ እርሷ አልተኩስም፤ ከርከሮ ማሳዬ ቢገባ በወንጭፍ አባርረዋለሁ። ስንሻው መተኮስ የሻ እንደ ሆነ ጠመንጃውን ተሸክሞ አንበሳሜ ድረስ ይሂድ፤ ከደጇም ላይ ቆሞ ይጠብቃት።